የአፈር ባክቴሪያ የሚሠራው የዕድገት ሆርሞን፤ ከብልቃጥ እስከ ማሳ

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በሥነ ሕይወትና በግብርና ክፍሎች የሚቀርቡትን የማስተርስ ጽሑፎች ያገላበጠ ሁሉ አንድ ውጤት ደጋግሞ ያጋጥመዋል። ተማሪው ከጤፍ ወይም ከሽምብራ ሥር አፈር ያነሣል፤ ከአፈሩ ባክቴሪያ ለይቶ ያራባል፤ ካራባው ላይ ጥቂት ቀድቶ የብረት ጨውና አሲድ ያለበት ፈሳሽ ይጨምርበታል። ብልቃጡ ሮዝ ከሆነ «ይህ ባክቴሪያ የዕፀዋት ዕድገት ሆርሞን ይሠራል፤ ወደፊት ለገበሬው ሊጠቅም ይችላል» ተብሎ ይጻፋል። ጽሑፉ ይጠረዛል፤ ዲግሪው ይሰጣል፤ ባክቴሪያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀራል። መብራት ለረጅም ጊዜ ከጠፋ ደግሞ እዚያው ይሞታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ሮዝ ቀለም ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር ማስረዳት ነው። እኛ የግብርና ሰዎች አይደለንም፤ በመካና በጅዳ በስኮላርሺፕ ሕክምና የምንማር ነን። ይህንንም የምንጽፈው ከኩዳይ ነው። ኩዳይ በመካ ደቡብ ያለ ሰፈር ሲሆን ዙሪያውን ዐለትና ተራራ የከበበው፣ በሐጅ ወቅት አውቶቡስ የሚሰለፍበት ሰፊ ማቆሚያ ያለበት ነው፤ የሚታረስ መሬት አይታይበትም። ታዲያ ስለ አፈር ለመናገር ምን አገባችሁ የሚለን ቢኖር ሁለት መልስ አለን። አንደኛ፣ የዚህ ሆርሞን ታሪክ የሚያልፈው በሰው ሽንት በኩል ነው። ሁለተኛ፣ በብልቃጥ ውስጥ የሠራ መድኃኒት በሕመምተኛው ላይ ሳይሠራ መቅረቱ በየጊዜው የምንማረው ትምህርት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

በሰው አካል ሆርሞን የምንለው በአንድ ዕጢ ተሠርቶ፣ በደም ተጉዞ፣ ሌላ ቦታ ላይ ትእዛዝ የሚያደርስ ንጥረ ነገር ነው። ዕፀዋት ዕጢም ደምም የላቸውም። ሆኖም ቻርልስ ዳርዊንና ልጁ ፍራንሲስ በ1880 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ ብርሃን በአንድ ጎኑ የወደቀበት ቡቃያ ወደ ብርሃኑ ይጎብጣል፤ ጫፉ በትንሽ ቆብ ሲሸፈን ግን አይጎብጥም። የሚጎብጠው ከጫፉ ዝቅ ብሎ ያለው ክፍል በመሆኑ፣ ከጫፍ ወደ ታች የሚወርድ አንድ መልእክት አለ ማለት ነው። ሆላንዳዊው ፍሪትስ ቬንት በ1920ዎቹ ይህንኑ መልእክት ከተቆረጠ የአጃ ቡቃያ ጫፍ ወደ ረጋ ጄሊ አሻግሮ ያዘው። ስሙም ኦክሲን ተባለ። ከቡቃያ የሚገኘው መጠን ግን ለኬሚስት የሚበቃ አልነበረም። በ1934 በኡትሬክት ዩኒቨርሲቲ ፍሪትስ ኮግልና ባልደረቦቹ ዛሬ ኢንዶል አሴቲክ አሲድ የምንለውን ዋናውን ኦክሲን ከሰው ሽንት አጣርተው አወጡ።

ስለምን ከሽንት? በምንበላው ፕሮቲን ውስጥ ትሪፕቶፋን የሚባል አሚኖ አሲድ አለ። በአንጀታችን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከትሪፕቶፋን ላይ ኢንዶል አሴቲክ አሲድ ይሠራሉ፤ እርሱም ወደ ደም ይገባል፤ ኩላሊት አጣርቶ ያስወጣዋል። ኩላሊቱ በደከመ ሕመምተኛ ደም ውስጥ ግን ይጠራቀማል፤ የኩላሊት ሐኪሞችም ከመርዞቹ ዝርዝር ውስጥ ይጽፉታል። ምርመራውም ቢሆን ከሕክምና የተወረሰ ነው። ኤርንስት ሳልኮቭስኪ የበርሊን የሕክምና ኬሚስት ነበር፤ ስለዚህ ንጥረ ነገር የጻፈውም በ1885 ነው። ዛሬ ተማሪያችን ብልቃጡን ሮዝ የሚያደርግበት ፈሳሽ የሚጠራው በእርሱ ስም ነው። እንግዲህ ስንዴውን የሚያሳድገውና የኩላሊት ሕመምተኛውን ደም የሚበክለው አንድ ንጥረ ነገር ነው፤ የሚሠሩትም በሁለቱም በኩል ባክቴሪያዎች ናቸው። ልዩነቱ ቦታውና መጠኑ ነው። ወደዚህ ነጥብ እንመለስበታለን።

ስለ ምርመራው ሁለት ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። የሳልኮቭስኪ ፈሳሽ ኢንዶል አሴቲክ አሲድን ብቻ አይደለም የሚያቀላው፤ ከእርሱ ጋር ዘመድ የሆኑ ሌሎች የኢንዶል ውሑዶችንም ያቀላል። ደግሞም ተማሪው ባክቴሪያውን የሚያራባበት ምግብ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ትሪፕቶፋን አትረፍርፎ ይጨምራል። ጥሬ ዕቃው እንደዚያ ሲቀርብለት ብዙ ባክቴሪያ ሆርሞኑን ይሠራል፤ በማሳ አፈር ውስጥ ግን ያን ያህል ትሪፕቶፋን የሚያቀርብለት የለም። ስለዚህ ሮዝ ቀለም የሚለው «ይህ ባክቴሪያ ከሞላለት መሥራት ይችላል» ነው እንጂ «በገበሬው ማሳ ላይ እየሠራ ነው» አይልም።

ባክቴሪያው ምን ያገኛል?

ተክል በቅጠሉ ከሠራው ስኳር ቀላል የማይባለውን ድርሻ በሥሩ በኩል ወደ አፈር ያፈስሳል፤ ከስኳሩም ጋር አሚኖ አሲዶች፣ ትሪፕቶፋንም ጭምር፣ ይወጣሉ። በሥሩ ዙሪያ ባለው ስስ አፈር ውስጥ ከሌላው አፈር ይልቅ ባክቴሪያ የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው። ጀርመናዊው ሎሬንስ ሂልትነር ለዚህ የሥር ዙሪያ አፈር የራሱን ስም ያወጣለት በ1904 ነበር። ባክቴሪያው ኦክሲን ሲለቅቅ የሥሩ ሕዋሶች ግድግዳ ይላላል፤ ሥሩ ቅርንጫፍ ያበዛል፤ የሥር ጸጉር ያወጣል፤ የሚፈስሰውም ምግብ ይጨምራል። በመሆኑም ባክቴሪያው ገበያውን የሚያሰፋ ነጋዴ እንጂ ለተክሉ የቆመ በጎ አድራጊ አይደለም።

ተክሉ በበኩሉ የሚያተርፈው በተለይ ፎስፎረስና ውሃ ነው። ናይትሬት ከውሃ ጋር ወደ ሥሩ ይመጣል፤ ፎስፎረስ ግን ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ባለበት ስለሚቀመጥ ሥሩ ራሱ ሄዶ መድረስ አለበት። በአገራችን ደጋማ ቀይ አፈር ውስጥ ፎስፎረሱን ብረትና አሉሚኒየም ጠፍረው ይዘውታል። እንዲህ ባለ አፈር ላይ ጸጉሩ የበዛ ሥር ያለው ተክል የተሻለ ዕድል አለው።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ መታለል የለብንም። የባክቴሪያ ሆርሞን ለአፈሩ አንዲት ግራም ናይትሮጅን ወይም ፎስፎረስ አይጨምርም። ያለውን በተሻለ ለመድረስ ይረዳል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም። በተራቆተ መሬት ላይ ያለ ሌላ እርዳታ ቢጨመር የቀረችውን ቶሎ አሟጥጦ ማውጣት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሆርሞን የሚሠራ ባክቴሪያን በደፈናው «ማዳበሪያ» ብሎ መጥራት ስሕተት ነው። በባቄላና በሽምብራ ሥር ቋጠሮ ውስጥ የሚኖረው ራይዞቢየም ግን ከአየር ናይትሮጅን ስለሚወስድ ስሙ ይገባዋል።

የሁለቱ መደባለቅ አዲስ አይደለም። አዞስፒሪለም የሚባለው ባክቴሪያ በ1970ዎቹ በብራዚል በዮሐና ዶበራይነር ሥራ ዝናው በወጣ ጊዜ ለእህል ሰብል ናይትሮጅን ያቀርባል ተብሎ ታላቅ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። በ1979 ግን ቲየን፣ ጋስኪንስና ሀበል የተባሉ ተመራማሪዎች ባክቴሪያው ኦክሲን፣ ጂበረሊንና ሳይቶካይኒን መሰል ንጥረ ነገሮችን እንደሚሠራ አሳዩ። ንጹሑን ሆርሞን ብቻ ለሰብሉ ሲሰጡትም በሥሩ ላይ ተመሳሳይ ለውጥ አዩ። ከዚያ ወዲህ የአዞስፒሪለም ጥቅም በአመዛኙ ሥርን ከማስፋት የመጣ እንደሆነ በሰፊው ይታመናል። ባክቴሪያው ያው ነው፤ የሚሠራበት ምክንያት ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ደግሞ የት እንደሚጠቅምና የት እንደማይጠቅም ሊናገር አይችልም።

መጠንና ቦታ

ሕክምና ውስጥ መድኃኒትን ከመርዝ የሚለየው መጠኑ እንደሆነ በመጀመሪያው ዓመት እንማራለን። የዕፀዋት ሆርሞንም እንዲሁ ነው። ጥቂት ኦክሲን ሥርን ያበዛል፤ ሲበዛ ግን ተክሉ ኤቲሊን የሚባለውን ጋዝ ማምረት ይጀምርና ሥሩ ይኮማተራል። ኦክሲን በብዛት የሚሠራ ባክቴሪያ የተሻለ ባክቴሪያ ነው ብሎ ብልቃጦቹን በሮዝነታቸው ጥልቀት ማስቀደምና ማስከተል እንግዲህ አስተማማኝ ምርጫ አይደለም።

ክፉውንም ሥራ የሚሠሩት በዚሁ ሆርሞን ነው። አግሮባክቴሪየም ቱሜፋሲየንስ የሚባለው የአፈር ባክቴሪያ በተክሉ ቁስል በኩል ገብቶ የራሱን የዘር ቁራሽ ወደ ተክሉ ሕዋስ ያስገባል። ቁራሹ ላይ ኦክሲንና ሳይቶካይኒን የሚያሠሩ ትእዛዞች አሉበት፤ ተክሉም እባጭ ያበቅላል። ባክቴሪያው ከሞተ በኋላ እንኳ እባጩ ማደጉን ይቀጥላል። የካንሰርን ትምህርት ለጀመረ ሰው ይህ በጣም የሚያስገርም ነገር ነው። ስሚዝና ታውንሰንድ በ1907 የእባጩ መንስኤ ባክቴሪያ መሆኑን ባስረዱ ጊዜ የካንሰር ተመራማሪዎችም ጉዳዩን በቅርብ ተከታትለውታል።

ለአገራችን ገበሬ የቀረበው ምሳሌ ደግሞ ቱፎርዲ ነው። ለጤፍና ለስንዴ አረም የሚረጨው ይህ መድኃኒት በ1940ዎቹ የተሠራ ሰው ሠራሽ ኦክሲን ነው። ሰፋፊ ቅጠል ያለው አረም ተጠማዝዞ የሚሞተው ከልክ ያለፈ የዕድገት ትእዛዝ ደርሶት ነው፤ ጤፍና ስንዴ ይቋቋሙታል። ነፋስ ወደ ጎረቤት ባቄላ ከወሰደው ግን ባቄላውም ይጠማዘዛል። በቬትናም ጦርነት ጊዜ እስከ 1971 ድረስ በደንና በሰብል ላይ ከአውሮፕላን የተረጨው ኤጀንት ኦሬንጅ ግማሹ ይኸው ቱፎርዲ ነበር። «የዕድገት ሆርሞን» የሚለው ስም ደስ ስለሚል ብቻ ነገሩ ሁሉ በጎ ነው ማለት አይቻልም።

ስለ ጂበረሊንም እንጨምር፤ ለጤፍ ያለው ትርጉም ከባድ ነውና። በሩቅ ምሥራቅ የሩዝ ቡቃያ ያለ ልክ ቀጥኖ እየረዘመ የሚወድቅበት በሽታ ነበር፤ ጃፓኖች «ሞኙ ቡቃያ» ይሉታል። ኩሮሳዋ በ1926 በሽታውን የሚያመጣው ፈንገስ የሚለቅቀው ንጥረ ነገር እንደሆነ አሳየ፤ ስሙም ጂበረሊን ተባለ። አረንጓዴ አብዮት ያስገኛቸው አጫጭር የስንዴ ዝርያዎች ያጠሩት ለጂበረሊን ትእዛዝ ስለማይታዘዙ ነው፤ አጭር በመሆናቸውም ማዳበሪያ ሲበዛላቸው አይወድቁም። ጤፍ ከዋና ዋና ችግሮቹ አንዱ መጋሸብ ነው፤ አገዳው ቀጭን፣ ቁመቱ ረጅም በመሆኑ ፍሬው ሳይሞላ ይተኛል። የጂበረሊንን ሥራ የሚያግድ ኬሚካል ሲሰጠው ማጠሩ በምርምር ታይቷል። ታዲያ ጂበረሊን የሚሠራ ባክቴሪያ አግኝተን በጤፍ ዘር ላይ ብንቀባ ምን እናተርፋለን? በማሰሮ ውስጥ የበቀለው ጤፍ ረዝሞ ፎቶግራፉ ያምር ይሆናል፤ በማሳ ላይ በነሐሴ ዝናብ ሊተኛ ይችላል። ቁመት የተለካበት ውጤት ስናነብ ምርቱስ ተለክቷል ወይ ብለን እንጠይቅ።

ከጂዛን በረሃ የተገኘው

ከብልቃጥ ተነሥቶ እስከ ማሳ ስለደረሰ ሥራ ለመናገር ሩቅ አንሄድም። ከጅዳ በስተሰሜን ቱወል በተባለ የባሕር ዳር ስፍራ ላይ በ2009 የተከፈተው የንጉሥ አብዱላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። በዚያ በሄሪበርት ሂርት የሚመራ ቡድን በበረሃ የሚበቅሉ ተክሎች ያን ሁሉ ሙቀትና ጨው እንዴት እንደሚችሉ ለማወቅ በሥራቸው የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ሰበሰበ። ከጂዛን አካባቢ ከበቀለች ኢንዲጎፈራ አርጀንቲያ ከተባለች ተክል የሥር ቋጠሮ ውስጥ ኤስኤ 187 የሚል ቁጥር የተሰጠው የኢንተሮባክተር ወገን ባክቴሪያ ተገኘ።

በ2018 የታተመው ውጤታቸው ትኩረት የሚገባው ባክቴሪያው ስለሠራ ብቻ አይደለም፤ እንዴት እንደሠራ ደረጃ በደረጃ ስለተጠየቀ ነው። ባክቴሪያው ኬኤምቢኤ የሚባል ንጥረ ነገር ይሠራል፤ ይህም በተክሉ ውስጥ ወደ ኤቲሊን ይለወጣል። ቡድኑ ንጥረ ነገሩን ብቻውን ለተክል ሰጥቶ ጨው የመቋቋም ኃይል እንደሚያስገኝ አየ። ቀጥሎም የኤቲሊንን ትእዛዝ መስማት የማይችሉ ተክሎችን ወሰደ፤ እነዚህ ከባክቴሪያው አልተጠቀሙም። ተክሉ ራሱ የሚያመርተው ኤቲሊን ግን ለጉዳዩ አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም። በመጨረሻም ነገሩ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ከጅዳ በስተሰሜን ምሥራቅ በሐዳ አል ሻም በሚገኘው የንጉሥ አብዱል አዚዝ ዩኒቨርሲቲ የምርምር እርሻ ላይ በአልፋልፋ ተሞከረ፤ ምርቱም ጨመረ።

አንባቢው ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ተቃራኒ ነገር አለ። ካናዳዊው በርናርድ ግሊክና ባልደረቦቹ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ያስተማሩት፣ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች የኤቲሊንን መነሻ ንጥረ ነገር እየበሉ ኤቲሊን እንዲቀንስ በማድረግ ተክሉን ከጭንቀት ያድኑታል የሚለውን ነው። የጂዛኑ ባክቴሪያ ደግሞ የኤቲሊንን መንገድ በመክፈት ያድናል። ሁለቱም በማስረጃ የተደገፉ ናቸው። ሆርሞኑ በየትኛው ጊዜ፣ በየትኛው ክፍል፣ በምን ያህል እንደደረሰ ሳይታወቅ «ኤቲሊን ጥሩ ነው» ወይም «መጥፎ ነው» ማለት ከንቱ ነው።

አንድ ትዝብትም አለን። ሙከራው የተደረገበት አልፋልፋ ውሃ በብዛት የሚጠጣ መኖ ነው፤ የሳውዲ መንግሥትም የከርሰ ምድር ውሃው እያለቀ በመሆኑ በ2010ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የአረንጓዴ መኖ እርሻን መገደብ ያዘ። ስለዚህ የባክቴሪያው እውነተኛ ፈተና ሌላ ሰብል ላይ፣ ምናልባትም ሌላ አገር ላይ ነው። ከቀይ ባሕር ማዶ፣ በአፋር በአሚባራ የመስኖ መሬት ላይ ጨው ካወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ለጥጥ የተዘጋጀ ሰፊ መሬት ተጎድቷል። የኢንዲጎፈራ ወገን የሆኑ ብዙ ተክሎች በአገራችንም ይበቅላሉ። የጂዛኑን ባክቴሪያ ገዝቶ ከማስገባት በፊት በአዋሽ ሸለቆ ጨዋማ አፈር ላይ በራሳቸው የሚበቅሉትን ተክሎች ሥር መመርመር የሚገባ ይመስለናል።

በአገራችን የተሠራው

ሥራ አልተሠራም አንልም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፋሲል አሰፋና ተማሪዎቻቸው ለረጅም ዓመታት የአፈር ባክቴሪያዎችን መርምረዋል። በ2011 ደለለኝ ወዬሳና ፋሲል አሰፋ ከጤፍ ሥር የለዩአቸውን ባክቴሪያዎች በመስተዋት ቤት ውስጥ በጤፍ ላይ ፈትነው አሳትመዋል። ድሪባ ሙለታ በኡፕሳላ ካለው የስዊድን የግብርና ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሥራት በደቡብ ምዕራብ የተፈጥሮ ቡና ደኖች ከቡና ሥር ባክቴሪያዎችን ለይተዋል። ከነዚያ መካከል ፎስፎረስን የሚያሟሙ፣ ሌሎችም ቡናን የሚያደርቀውን ፈንገስ የሚገቱ ተገኝተዋል። ከዚህ ሥራ አንዱ ክፍል በ2013 የታተመው እዚሁ በሳውዲ የግብርና ሳይንስ ማኅበር መጽሔት ላይ ነው።

እስከ ገበሬው የደረሰው ግን ሆርሞን የሚሠራው ሳይሆን ራይዞቢየሙ ነው። መናገሻ ባዮቴክ የሚባለው ድርጅት ለባቄላ፣ ለሽምብራ፣ ለምስርና ለአኩሪ አተር የሚሆን ራይዞቢየም በፓኬት አዘጋጅቶ አቅርቧል። ከዚህ የሚወሰድ ትምህርት አለ። ፓኬቱ ሕያው ነገር ስለያዘ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይሞታል። ዘሩ በጥላ ሥር በስኳር ውሃ ታሽቶ፣ ዱቄቱ ተቀብቶ፣ ወዲያው እርጥበት ባለው መሬት ላይ መዘራት አለበት። አኩሪ አተር ለአፈሩ እንግዳ ስለሆነ የራሱን ባክቴሪያ ይዞ መምጣቱ ይጠቅመዋል፤ ባቄላና ሽምብራ ግን ከጥንት የተዘሩበት አፈር ብዙ ጊዜ የራሱ ራይዞቢየም ስላለው የተጨመረው ምንም ላይለውጥ ይችላል። አሲዳማ በሆነው መሬት ላይ ደግሞ ኖራ ካልተጨመረ ባክቴሪያው አይበረክትም።

ለራይዞቢየም ገበሬው ራሱ የሚያደርገው ምርመራ አለ፤ እኛም በጣም እንወደዋለን። አበባ ሊያወጣ የደረሰ ባቄላ ከነሥሩ ተነቅሎ ቋጠሮው በጥፍር ሲሰነጠቅ ውስጡ ሮዝ ከሆነ ናይትሮጅን እየሠራ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አይደለም። ቀለሙ የሚመጣው ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ዘመድ ከሆነ ፕሮቲን ነው። ይህ ሮዝ ከብልቃጡ ሮዝ የሚለየው በማሳው ላይ፣ በገበሬው እጅ፣ እየተሠራ ያለውን ሥራ ስለሚያሳይ ነው። ለሆርሞን እንዲህ ያለ ምልክት የለም። ስለዚህ የሚሸጠው ዱቄት ይሠራ አይሠራ ገበሬው በዓይኑ ሊያውቅ አይችልም። የዓለም የማዳበሪያ ዋጋ በ2022 እንደናረው ባለ ጊዜ ደግሞ «ዕድገት ያፋጥናል» የሚል ጽሑፍ ያለበት ማናቸውም ፓኬት ገዢ አያጣም።

ሐኪም የሚጠይቀው

አንድ መድኃኒት በብልቃጥ ውስጥ ጀርም ገደለ ተብሎ ለሕመምተኛ አይሰጥም። በእንስሳ፣ ቀጥሎ በጥቂት ሰዎች፣ ቀጥሎ በብዙዎች ላይ ይፈተናል፤ መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን የሚወስዱ ማነጻጸሪያዎችም ይኖራሉ። ለባክቴሪያው ባዶ ክኒን የሚሆነው በሙቀት ተገድሎ ከነተሸካሚው ዱቄት የተጨመረው ነው። ብዙ ሙከራዎች ይህን ትተው ሕያው ባክቴሪያ የተቀባውን ዘር ምንም ካልተቀባው ጋር ብቻ ያወዳድራሉ። የበቀለው ልዩነት ከስኳሩና ከዱቄቱ ይሁን ከሆርሞኑ በዚህ አይታወቅም። ቢያንስ ሁለት ክረምት፣ በተለያየ አፈርና ከፍታ፣ በገበሬው አያያዝ ሳይፈተን ስለ ምርት መናገር አይገባም። ለውጥ ያላሳየውም ውጤት መታተም አለበት፤ አለዚያ ሌላው ተማሪ ከሦስት ዓመት በኋላ ያንኑ ይደግመዋል።

ሌላው የጤና ጉዳይ ነው፤ በዚህ ላይ ዝም ማለት አንችልም። ዕድገት ያፋጥናሉ ተብለው ከሚጻፉት ባክቴሪያዎች መካከል ኢንተሮባክተር፣ ክሌብሲየላ፣ ሴራሺያና ፕሲዩዶሞናስ ኤሩጂኖሳ የሚሉ ስሞች እናገኛለን። እነዚህን ስሞች እኛ የምናውቃቸው ከሆስፒታል ክፍል ነው፤ በቃጠሎ ቁስል፣ በመተንፈሻ ቱቦ፣ በጨቅላ ሕፃናት ደም ውስጥ። በርክሆልደሪያ ሴፓሺያ የሚባለው ለሰብል ይጠቅማል ሲባል ቆይቶ የሳንባ ሕመምተኞችን የሚያጠቃ በመሆኑ በአሜሪካ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የእርሻ አጠቃቀሙ ላይ ገደብ ተጥሎበታል። የወገን ስም አንድ ስለሆነ ሁሉም ዝርያ በሽታ ያመጣል ማለታችን አይደለም። ነገር ግን የኛ ገበሬ ዱቄቱን ያለ ጓንት በባዶ እጁ ከገበታ ላይ ያሸዋል፤ ልጁም አጠገቡ ነው። ስለዚህ ከሮዙ ቀለም ጎን እያንዳንዱ ዝርያ በ37 ዲግሪ ይራባ እንደሆነ፣ የደም ሕዋስ ይሰብር እንደሆነ፣ የትኛውን አንቲባዮቲክ እንደሚቋቋም መጻፍ አለበት። ይህን ምርመራ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ቤተ ሙከራ በአጭር ቀን ሊሠራው ይችላል። የግብርናና የሕክምና ተማሪዎች በአንድ ግቢ እየኖሩ አለመገናኘታቸው ብቻ ነው ያጓደለው።

አፈር ይዞ መውጣት

ውጭ አገር ለምንማር ሁሉ የሚመለከት አንድ ነጥብ ቀርቷል። ለዶክትሬት ሥራ ከአገር አፈር ወይም ባክቴሪያ ይዘው የሚወጡ ብዙ ናቸው። በ2006 የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የጄኔቲክ ሀብት ከአገር ሲወጣ ፈቃድ እንዲጠየቅና ጥቅሙ እንዲጋራ ያዝዛል፤ የዓይን የማይታይ ሕይወትም ከዚህ አይቀርም። የጤፍን ነገር አንርሳ። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የባለቤትነት መብት አስመዝግቦ ነበር፤ የሄግ ፍርድ ቤት መብቱን ውድቅ ያደረገው በ2018 መጨረሻ ላይ ነው። ጤፍን ዓለም ሁሉ የኢትዮጵያ እንደሆነ ያውቃል፤ እንዲያም ሆኖ ያን ያህል ዓመት ፈጀ። በብልቃጥ ቁጥር ብቻ የሚታወቅ የጎጃም ባክቴሪያ በሌላ አገር ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢረሳ ማን ይከራከርለታል? የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት የረቂቅ ነፍሳት ስብስብ ስላለው የእያንዳንዱ ዝርያ ግልባጭ እዚያ መቀመጥ ይችላል።

ስለዚህ ከአገር የተነሣ ባክቴሪያ ይዛችሁ የምትሠሩ ወገኖቻችን ይህን ጽፋችሁ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ላኩልን፦ ዝርያው የተነሣበት ወረዳ፣ ሰብሉና ዓመቱ፤ አሁን የት እንደተቀመጠ፤ ግልባጩ አገር ቤት መኖር አለመኖሩ፤ በማሳ ላይ ተሞክሮ እንደሆነና ምን እንደተገኘ፤ ምንም ለውጥ ያላሳየም ቢሆን። የሰው ምርመራውን ለመሥራት ፈቃደኛ የሆኑ የሕክምና ተማሪዎች ስማቸውን ከነሚማሩበት ከተማ ይጨምሩልን። የደረሰንን ዝርዝር በሚቀጥለው እትም እናወጣለን።